ደራሲው ያልመከሩኝ ምክር

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ዛሬ ሸምግዬም ሰው "አንተ እኮ ደራሲውን ታውቃቸው ነበር" ሲለኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ይጠፋኛል።

መርካቶ በአንድ የጨርቅ መደብር ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፤ የሚያነብልኝ ግን አልነበረም። በሰፈራችን የኖሩ አንድ ስመ ጥር ደራሲ ካረፉ ወዲህ፣ ወዳጆቻቸው በየዓመቱ ባረፉበት ቀን አብነት ሰፈር አጠገብ ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ የሥነ ጽሑፍ በዓል ያደርጉላቸዋል። ድርሰታቸው ይነበባል፤ ወጣቶች ግጥም ያቀርባሉ፤ የሚያውቋቸውም ስለ እሳቸው ይናገራሉ።

እኔም ግጥም ላቅርብ ብዬ ጠየቅኩ። አዘጋጁ፣ "ገጣሚው በዝቷል። እሳቸውን ታውቃቸው ከነበረ ግን ጥቂት ደቂቃ እሰጥሃለሁ" አለኝ።

"አውቃቸዋለሁ" አልኩ። ከመንገድ ማዶ ሁለቴ ከማየቴ በቀር አላውቃቸውም።

መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ደራሲው ባረፉበት ዓመት በየቅዳሜው ወደ መደብሩ እየመጡ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጠው ግጥሜን ያርሙልኝ ነበር አልኩ። "ብዕርህን እንዳትጥል ብለውኛል" ብዬም ጨመርኩ። ከዚያ፣ ያረሙልኝ ይህ ነው ብዬ ግጥሜን አነበብኩ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ስወጣ ነጠላ ያዘቀዘቁ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። የደራሲው ባለቤት እትዬ አስካለ ነበሩ፤ በርበሬ በረንዳ ነው የሚነግዱት።

"በየቅዳሜው ይመጣ ነበር አልክ?" አሉኝ በዝግታ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"በእግሩ?"

ዙሪያችን ሰው ነበር። "አዎ" አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። "እግሬ አልታዘዝ አለኝ ብሎኝ ነበር የተኛው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ትቼው እውላለሁ። እስከ አማኑኤል ደጃፍ እንኳ ደግፌ ልውሰድህ ስለው አልችልም ይለኝ ነበር። ለካ ከእኔ ጋር መውጣቱን ነው የጠላው።"

ይህን ብለው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ዛላ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣ ባለቤታቸው መደብራችን ደርሰው እንደማያውቁ፣ ሁሉን ከራሴ እንደፈጠርኩት ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

እጃቸውን ከሥራው ገቱ። "እንግዲያ አልዋሸኝም" አሉ። መዳፋቸው በርበሬ ስለነካ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

ቆይተው፣ "ለእነዚያም ሰዎች ንገራቸው" አሉኝ። "ባሌ ታሞ ተኝቶ ነው የሞተው። ሚስቱን ትቶ ሲዞር ነበር እንዲባልበት አልፈልግም።"

"በሚቀጥለው በዓል እናገራለሁ፣ እትዬ" አልኩ።

በዓሉ ሲደርስ ስሜ ከተናጋሪዎቹ መሀል ገብቶ ነበር። አሞኛል ብዬ ልኬ ቤቴ ዋልኩ። በማግስቱ አዘጋጁ ሊጠይቀኝ መጣ። "እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው በር በሩን ሲያዩ ነበር" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በበርበሬ በረንዳ ማለፍ ተውኩ። እሳቸው ሲያርፉም ከለቀስተኛው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። በአዳራሹ ያነበብኩት ግጥም ግን ስም አስገኘልኝ፤ ሌላም እንዳነብ እየተጠራሁ ቆየሁ።

ደራሲው ባረፉበት ዓመት ከአልጋ አልወረዱም፤ መደብራችንም አልመጡም። ይህን መናገር የነበረብኝ በዚያ አዳራሽ ነበር፤ እትዬ አስካለ ተቀምጠው እየሰሙኝ።