ባሮን የቀዘፍኩበት ክረምት

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት የተሳፈርኩበት ታክሲ ነው። ልደታ ማርያም ጋ ስንቃረብ አንዱ «ወራጅ አለ» ሲል፣ መኪናው ሳይቆም ግማሹ ሰው ጎንበስ ብሎ ተነሳ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ይህን አመል ያስያዘኝ የባሮ ወንዝ ነው።

የእናቴ ወንድም ጋሼ ሰኢድ አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ይሸጡ ነበር። ክረምት ሲገባ ሸቀጣቸውን ይዘው ጋምቤላ ይወርዳሉ፤ ያን ዓመት ትምህርት ሲዘጋ እንዳግዛቸው ወሰዱኝ። ጎሬን በጭጋግ፣ ሹራብ ደርበን አለፍን፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቡን ማየት እንኳ አስጠላኝ።

ባሮ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ገበያው ከማዶ ነው፤ ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ሰው የሚሻገረው ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ነው። ያረፍንበት ቤት ልጅ አሪየት እኩያዬ ነበረች፤ ከአባቷ ጋር ሰው ታሻግራለች። እንድታስተምረኝ ለመንኳት።

የታንኳውን አፍንጫ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሬ፣ ጎንበስ ብዬ ገብቼ፣ ወለሉ ላይ እንድንበረከክ አሳየችኝ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይቀዘፋል፤ ከዚያ አግድም ሲወጡ ውሃው ራሱ እየገፋ ገበያው ደጃፍ ያደርሳል። ታንኳው ካዘነበለ መቅዘፊያውን አጋድሞ ውሃው ላይ መጫን ነው። እየወደቅኩ፣ ድፍርሱን እየጠጣሁ ለመድኩ። ማታ ማታ እናቷ የጠበሰችውን ዓሣ እንበላ ነበር።

«የልደታ ልጅ ወንዝ የት ታውቃለች?» ይሉኛል ጋሼ ሰኢድ።

በገበያው ቀን የአሪየትን አባት አመማቸው። ከኋላ አሪየት፣ ከፊት እኔ ሆንን። ጋሼ ሰኢድ መሀል ገቡ። ዋና አያውቁም፤ አሪየት ባዶ ጀሪካን ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው። ያላቸው ሸቀጥ በሙሉ እቅፋቸው ውስጥ ነው።

«ልብሴን ጠብታ ውሃ ከነካው በነጋታው ወደ እናትሽ ነው» አሉኝ።

«እርስዎ ብቻ መሬት ሳንነካ እንዳይነሱ» አለቻቸው አሪየት።

መሀሉን አለፍነው። ክንዴ ቢዝልም ምቱን አልሳትኩም። ዳር የቆሙት ሴቶች ፊታቸው መለየት ሲጀምር፣ ታንኳው በድንገት ወደ ግራ አዘነበለ። ጋሼ ሰኢድ፣ ልክ ታክሲ ውስጥ እንዳሉ፣ ለመውረድ ብድግ ብለው ነበር። ውሃው በጠርዙ ገባ። መቅዘፊያዬን አጋድሜ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት።

«ይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ አንቱታውን አልረሳሁትም።

ሸቀጡን እንዳቀፉ ዱብ አሉ። ታንኳው ተቃና፤ አፍንጫውም አሸዋው ላይ ወጣ። ሴቶቹ እየሳቁ እልል አሉልን። ልብሱ ደረቅ ነበር፤ የረጠበው የጋሼ ሰኢድ ሱሪ ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው» አሉ እየዳሰሱት፣ «ልደታ የደረስን መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሞክሬ ያልሆነልኝ ብዙ ነው። ሲከፋኝ ግን ያ መቅዘፊያ መዳፌ ውስጥ ይመጣል፤ ያን ቀን አልተገለበጥንም፤ እሱን የሚነጥቀኝ የለም።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ልንመለስ ስንል ጋሼ ሰኢድ ቀድመውን ወንዙ ዳር ደረሱ። ጀሪካናቸውን ራሳቸው አሰሩ፣ ታንኳው ወለል ላይ ተቀመጡ፣ መቅዘፊያውንም ለእኔ አቀበሉኝ።