የአባቴ ተርኪ

በቀደም ባምባሲ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበርና ከጎኔ የተቀመጠ ጎረምሳ አንዴ እንደጎረሰ «ይሄማ የይመር ተርኪ ነው» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ይመር አባቴ ነው። ልጁ አባቴን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ተርኪ ከዶሮ ሦስት እጥፍ የሚተልቅ የፈረንጅ ወፍ መሆኑንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ደሜ ፈላ፤ እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

አባቴ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ የመጣ ገበሬ ሲሆን፣ በኩርሙክ መንገድ ሥራ ካምፕ የፈረንጆች ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ ማብሰል የተማረ ሰው ነበር። ካምፑ ሲዘጋ አለቃው አንድ ወንድ ተርኪ ሸለመው፤ እሱም በጭነት መኪና ላይ አቅፎት መጣ። ያ ወፍ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ቀይ ቆዳ እያወዛወዘ በማንጎው ጥላ ሥር እንደ አውራጃ አስተዳዳሪ ሲንጎራደድ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን በተገላገለች ሰሞን አባቴ «አራሴን በእጄ ሠርቼ ነው የማበላት» ብሎ ተነሣ። ወፉን አርዶ፣ ላባውን ነጭቶ፣ ሳይገነጥል ሙሉውን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በገባበት የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አሳደረው፤ መጥበሻውንም በርሜል ሰንጥቆ አበጀ። በማግስቱ «ማንም እንዳይነካው፤ ጨውን ጠጥቷል» ብሎ የሚቀባውን ቅቤ ሊገዛ ገበያ ሄደ።

አክስቴ ዘነቡ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛው ጋ ነበር የምትኖረው። አባቴ ከአጥር እንደወጣ ባልዲውን ከፈተች። «ዶሮ ሙሉውን እንደ ሬሳ ተጋድሞ ይቀርባል እንዴ? ሰው ምን ይለናል» እያለች አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ገነጣጠለችው፤ ቁሌት አቁላልታ ጨመረችውና እንደ ልማዷ ጨው ነሰነሰችበት። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኑን ስለምታጠባ አላየችም። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም አየሁ። ጉበቱን ጠብሳ ስትሰጠኝ በልቼ ዝም አልኩ።

አራስ ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶች አንድ አንድ ጉርሻ ጎርሰው ውሃ ውሃ አሉ። አባቴ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልሎ ሲገባ አክስቴ በሰው ፊት «ወንድ ማጀት ሲገባ እንዲህ ነው፤ በጨው አራስ ልትገድል ነበር» አለችው። ድስቱን አየ፤ እሷን አየ።

«እውነት ነው፤ ጨው አብዝቻለሁ» አለ።

ካደግኩ በኋላ ለምን እንዲያ እንዳለ ጠየቅሁት። «በዚያ ዓመት ባሏን ቀብራ ነው የመጣችው። በሰው ፊት ባዋርዳት ከእኔ ቤት ወጥታ የት ትገባለች፣ ልጄ?» አለኝ።

እሱ ይቅር ብሏት ሞተ። እኔ አልቻልኩም፤ እሷንም፣ ጉበት በልቶ ዝም ያለውን የራሴን አፍም ይቅር አላልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ድስት ነክቶ አያውቅም። ባዕድ ጣቱን እየላሰ የበላለት ሰው ነበር፤ እኛ ስድስት ልጆቹ ግን በእጁ ከሠራው አንዲት ጉርሻ ሳንቀምስ አድገን ቀበርነው።