ወንዙ እስኪጎድል

ጓደኛዬ እናቷን «እትዬ» ነበር የምትላት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እትዬ ስለሚላት እሷም እንደ ጎረቤት ልጅ እትዬ አለቻት። ምን ታድርግ? እናትየው ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ስትሄድ ልጅቷ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ካራቆሬ አያቷ ጋ አደገችና ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ፣ እናትሽ መጥታለች ተብላ ሸዋ ሮቢት መጣች። አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ እንደ እንግዳ ይተፋፈሩ ነበር።

እትዬ ከጅዳ ያላመጣችው ነገር የለም። ለሮቢት ሙቀት ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥታለች እኮ! ለእኛ ግን ዋናው ኮምፒውተሩ ነበር፤ የአሠሪዎቿ ልጆች ሲሰለቻቸው የሰጧት ነው። ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀመጠችው። አብራው የመጣችው የጨዋታ ሲዲ ማሸጊያዋ ላይ ዓረብኛ ስለተጻፈባት መሬት ለመሬት አትንከባለልም ተባለና ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣች። መጫወት ስንፈልግ ወንበር ላይ ቆመን ነበር የምናወርዳት።

ጨዋታው እናቱ የጠፋችበት የግመል ግልገል ነው። ከጦጣ ጋር ይደራደራል፣ ዋሻ ይገባል፣ ቴምር ይለቅማል፣ በመጨረሻም ሞልቶ የሚጋልብ ወንዝ ዳር ይደርሳል። እዚያ ቆሞ ይጣራል። በዓረብኛ የተጻፈ ነገር ብቅ ይላል፣ አለቀ። ምንም ብትነካኩ ንቅንቅ የለም።

የሌላ አገር ልጅ ቢሆን ጨዋታው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። እኛ የሮቢት ልጆች ነን! ደጋ ሲዘንብ፣ እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ያን ጊዜ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ይጎድላል። ስለዚህ ጠበቅን። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትተን፣ ጥንቅሽ እየላጥን፣ ውሃው ቀነሰ አልቀነሰ እያልን እንከራከራለን። እኔ ስቁነጠነጥ ጓደኛዬ እንደ አሮጊት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትለኛለች። ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ግልገሉ እንደገና ከመነሻው።

ለእኔ ጨዋታ ነበር። ለእሷ ግን አልነበረም። ግልገሉ እናቱን ሳያገኝ የመሸ ቀን እራት እንኳን በደንብ አትበላም።

አንድ ከሰዓት እትዬ ስትገባ ሁለታችን እጃችንን አጣጥፈን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን አገኘችን። ወንዙ እስኪጎድል እየጠበቅን ነው አልናት። ወላሂ፣ በሳቅ ወደቀች። የልጇን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችና ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እትዬ ዓረብኛን የለመደችው በጆሮዋ ነው፤ ማንበብ አትችልም። ጓደኛዬ ደግሞ ቁርአን ስለምትቀራ ፊደሉን ለይታ ታነባለች እንጂ ትርጉሙን አታውቅም። እናም ልጅ እየተንተባተበች አነበበች፣ እናት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ስትስት እንደገና ታስብላታለች። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለካ ሲዲዋ ለማስቀመሻ የምትሰጥ ኖራለች! ቀሪውን ከሱቅ ግዙ ነው የሚለው። ያ ሁሉ መጠበቅ ለዚህ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ጓደኛዬ ግን አልተናደደችም። እናቱን አያገኛትም ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

«ያገኛታል እንጂ!» አለች እትዬ። «ጅዳ ልጆቹ ሲጨርሱት ልብስ እየተኮስኩ አይቻለሁ።»

ከዚያ ተረከችልን። እናቲቱ ግመል ከማዶ ሆና የልጇን ድምፅ ሰማች። ይጎድላል ብላ አልጠበቀችም፤ ዘው ብላ ገባች። ውሃው አንገቷ ደረሰ፣ ግንድ እየገፋ መታት፣ እሷ ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። እትዬ ስትተርክ እጇ አያርፍም፤ እኔ እንኳን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ከዚያስ፣ እማ?» አለች ጓደኛዬ።

እትዬ ተነስታ ምንም ያልሆነውን ዳንቴል ታስተካክል ጀመር፤ ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ ቆየች።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ የልጅነቴን ጨዋታዎች ኢንተርኔት ላይ መፈለግ አመል ሆነብኝ። አንድ ቀን ያንን አገኘሁት፤ ሙሉው ነው፣ ግን በፈረንሳይኛ። ግመል የሚባል የለም፤ ለፈረንጆቹ የአህያ ውርንጭላ አድርገውታል። በቴምሩ ፋንታ ካሮት ይለቅማል። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ውርንጭላው ግንድ አንከባሎ ድልድይ ሠርቶ ብቻውን ይሻገራል። እናቱ ማዶ ሣር ትግጣለች፤ እስኪደርስባት ድረስ ቀና ብላም አላየችው። ወይ እትዬ! ያንን ሁሉ ከሆዷ ነው ያወጣችው።

ሳልውል ሳላድር ለጓደኛዬ ደውዬ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷም ሳቀች።

«እሱ የፈረንጆቹ ነው» አለችኝ። «የእኔ እናት ግን ተሻግራ ነው የመጣችው።»