የሚያበራው ገና ያልገባው ነው

«የሰማዩን ጉድጓድ ታወሪያለሽ፤ የወፍጮውን አፍ መጠበቅ ግን አቃተሽ!» አለኝ አጎቴ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ወፍጮው ታፍኖ ቆሟል፤ ቀበቶው ይጨሳል።

እውነቱን ነው፤ ያፈንሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ፈተናው ከጣለኝ ወዲህ አምባ ጊዮርጊስ በእሱ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ጎንደር ድጋሚ ለሚፈተኑ ትምህርት አለ። መጀመሪያ «ገብሱ ይለቅና ትሄጃለሽ» አለኝ። ገብሱ አለቀ። «ስንዴው ይለፍ» አለ። ስንዴውም አለፈ። ትምህርቱ የሚጀምረው ወፍጮው በታፈነበት ዕለት ከሰዓት ነበር፤ ለመለመን እንኳ ደክሞኝ ነበር። ዱቄቱ ከፀጉሬ አይወጣ፣ ጩኸቱ ከጆሮዬ አይወጣ።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዱቄታቸውን ሲያፍሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምነው እንዲህ ፈጀኝ? እሳት አታነዱበት!»

«መፋተጉ ነው አያ። ሰማይ ላይም እንዲሁ ነው።»

«ደግሞ እዚያም ወፍጮ አለ?»

ስለ ጥቁር ጉድጓድ ነገርኋቸው። ትልቅ ኮከብ ሲሞት በራሱ ክብደት ይደረመሳል፤ ብርሃን እንኳ አያመልጠውም። ከጎኑ ካለው ኮከብ ጋዝ ሲስብ፣ ጋዙ ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይዞራል። የቀረበው ይፈጥናል፣ የራቀው ይዘገያል፤ ሲፋተግ ይግላል፤ ሐኪም ቤት ራጅ የምንነሣበትን ጨረር እስኪረጭ ድረስ።

«እና ጉድጓዱ ያበራል?»

«እሱማ ጨለማ ነው። የሚያበራው ገና ያልገባው ነው። ከገባ በኋላ ወሬውም የለ።»

«ሸጋ! የአጎትሽ ኪስ በይው!»

ሳቅሁ። «ደግሞ ሲበዛበት ጨረሩ ራሱ የሚመጣውን መልሶ ይገፋል» እያልሁ በእጄ ሳሳያቸው የእህል ማውረጃውን መዝጊያ ለቀቅሁት። እህሉ ተግተልትሎ ወረደ፤ ወፍጮው አጓራ፣ መልሶ ተፋው፣ ቆመ።

አጎቴ በሰው ፊት የሰደበኝ ያኔ ነው። ቀጠለና «የጎንደሩን ነገር ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አለ።

«ተዋት እንጂ፣ ልጅ ናት» አሉት ሽማግሌው።

የታፈነውን አወጣሁ፤ ቀበቶውን መለስሁ። ወፍጮው ሲነሣ መዝጊያውን በልኩ ከፈትሁና አጎቴን አስያዝሁት።

«ወዴት ነው?»

«ጎንደር።»

«ይሄን ሁሉ ወረፋ ማን ይጨርሰዋል?»

ነጠላዬን አራገፍሁ። ጠዋት ከጆንያው ጀርባ ያስቀመጥሁትን ቦርሳ አነሣሁ። ከደባርቅ የመጣ ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል፤ ረዳቱ «ጎንደር፣ አንድ ሰው!» ይላል። ተሳፈርሁ።