ጋሽ ገመቹና የለንደኑ መጽሔት

ባለፈው ክረምት አዳማ ውስጥ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ስገባ፣ የሰነበተ ወረቀትና የናፍታሊን ሽታ ተቀላቅሎ አወደኝ። ያነሳሁትን መጽሐፍ መልሼ ወጣሁ። ሽታው የጋሽ ገመቹ ቤት ነበር።

ጋሽ ገመቹ የደራ ሰው ናቸው። ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሥራ ጡረታ ወጥተው፣ ከእኛ ቤት አጥር ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አልጋቸው ሥር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ወደ ጅቡቲ የወረደ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የተወላቸው መጽሔቶች ነበሩ፤ ሽፋናቸው ላይ ሮኬት የተሳለባቸው፣ ስለ ጠፈርና ስለ መጪው ዘመን የፈጠራ ታሪክ የሚያወጡ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳቸው ላይ በርጩማ ይስቡልኝና፣ "አካም፣ ሰናይት። ዛሬ ማርስ ነው የምንሄደው" ብለው በአማርኛ እየመለሱ ያነቡልኛል።

እሳቸው ግን ከሁሉ የሚወዱት የመጽሔቱን የራሱን ታሪክ ነበር። ጥቂት ወዳጆች ለንደን ውስጥ እንደጀመሩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ጠፍቶ እንደቆመ፣ በየጦር ግንባሩ የተበተኑት ሲመለሱ እንደገና እንዳቋቋሙት፣ ከአዘጋጁ ማስታወሻዎች የለቀሙትን ያጫውቱኛል። መዘጋቱን ያወቁት የጻፉለት ደብዳቤ ሳይከፈት ሲመለስላቸው ነው።

"ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ግን ለቅሶ የደረስኩ ያህል ነው የተሰማኝ" አሉኝ አንዴ።

ለማንም አውሰው አያውቁም። ለእኔ ግን ከጦርነቱ በኋላ የወጣውን የመጀመሪያውን እትም በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በዚያው ሳምንት የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ ተባለ። የተከለከለ ወረቀት ተገኘበት ተብሎ ተወስዶ የቀረ ሰው በሰፈራችን ነበር። እማዬ መጽሔቱን ገላልጣ አየችና ጋዜጣው ውስጥ መልሳ ጠቅልላ ፍራሽ ሥር ወሸቀችው። እሷ ጓሮ ስትወጣ እኔው ራሴ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

አሳሾቹ የእኛን ቤት አልፈው ጋሽ ገመቹ ጋ ገቡ። ሣጥኑን ከፈቱ፣ ሮኬቶቹን አዩ፣ "ሽማግሌው የልጅ መጽሐፍ ያነባሉ" ብለው ስቀው ወጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ ገመቹ፣ "የኔ ልጅ፣ ያቺን መጽሔት ጨረስሻት?" አሉኝ።

"መልሼልዎታለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው የረሳሁት እኔ ነኛ" አሉ።

ለቀናት የሣጥኑ ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር። ንባቡን ቀጠልን፤ ግን መሐል ላይ ቆም ብለው፣ "ይህን አንብቤልሽ ነበር እንዴ?" ማለት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ፊደል ሳይስቱ መልእክት የተቀበሉበትን አእምሯቸውን ተጠራጠሩት። በየቀኑ እውነቱን ልነግራቸው እያሰብኩ ሄጄ ሳልነግራቸው እመለስ ነበር።

ሲታመሙ እህታቸው ወደ ደራ ወሰዷቸው። እዚያው አረፉ።

ለቅሶ የደረስን ዕለት እህታቸው አንድ ደብተር ሰጡኝ። ጋሽ ገመቹ የመጽሔቱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ጽፈውታል፤ እንደ ቴሌግራም በአጫጭር ዓረፍተ ነገር። በመጨረሻው ገጽ እጃቸው የነበሩትን እትሞች ዘርዝረዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከወጣችው ከመጀመሪያዋ ጎን እንዲህ ይላል፦ "ጠፋች። ሰናይት መልሳልኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"