አክተሩ የቱ ነው?

መካነ ሰላም ውስጥ ካውቦይ ፊልም እንደ እኔ የሚተረጉም ሰው የለም። ጉራ የመሰለው ካለ የገበያ ቀን ይምጣና ይስማኝ። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች የሚያሳዩት አዲስ አበባ ተተርጉሞ ድምፅ የተቀዳበትን ነው። ተርጓሚው ከተዋናዮቹ በላይ ይጮኻል፣ ያልተባለ ቀልድ ይጨምራል፣ ሰውየው ሳይሞት ይቀብረዋል። እኔ ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከሥር የሚያልፈውን የዓረብኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ፊደሉን የለመድኩት በልጅነቴ ቁርአን ስቀራ ነው። ቋንቋውን ያገኘሁት ደግሞ ዓረብ አገር የሰው ቤት ሳጥብና ሳበስል ነው። እመቤቴ ፊልም ትወድ ስለነበር ልብስ እየተኮስኩ አብሬያት አያለሁ። ደሞዜን ለቤተሰብ ላክሁ፣ ወገቤን እዚያው ጥዬ መጣሁ፣ ቋንቋውን ግን ማንም አልቀማኝም።

ስመለስ ዘመዶቼ ሱቅ ክፈቺ አሉኝ። ሱቅማ በየደጃፉ ሞልቷል። እኔ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁ፣ አግዳሚ ወንበር አሠራሁ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ሻይ ማፍላት ጀመርኩ። "ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት?" ተባለ። ብለው ብለው ሲደክማቸው ገብተው ተቀመጡ።

የእኔ ደንበኛ ፊልም አያይም፣ ይፈርዳል። ገና ሲጀመር የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ "አክተሩ የቱ ነው?" አክተር ማለት በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ተዋናዩ ሁሉ አይደለም። ዋናው፣ ጎበዙ፣ የማይሞተው ነው። እሱ ከታወቀ ወዲያ ሰዉ ልቡን ያሳርፋል። አክተሩ የገደለው ሁሉ የሥራውን ያገኘ ነው፣ አክተሩን የነካ ሁሉ ወንበዴ ነው። አርፍዶ የመጣ ሰው እንኳ መጋረጃውን ገልጦ፣ አክተሩ የቱ እንደሆነ ሳይጠይቅ አይቀመጥም። መልሱን የምሰጠው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከደንበኞቼ ሁሉ ጩኸታሙ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነበር። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ወላሂ የሚለውን ግን ከእኔ ይልቅ የሚያበዛው እሱ ነው። አክተሩ ሽጉጥ ሲመዝ አብሮ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ከኋላው ያሉት "ተቀመጥ፣ አንተን አልጠራህም!" ይሉታል። ስንቴ ሻዬን አስደፍቶኛል።

በአንዱ ዓመት ግን ዝም አለ። ወደ ወግዲ በኩል ባለው የአባታቸው መሬት ላይ፣ በድንበር ጠብ ታላቅ ወንድሙ ተገደለበት። ገዳዩ ተይዞ ታሰረ። መታሰር ግን በእኛ አገር ደም አያደርቅም። ከገዳዩ ቤት የቀሩት ወንድ ሽማግሌው አባቱ ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊው ደሙን እመልሳለሁ ካለ የሚመልሰው በእሳቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ገበያ ሲወጡ በዋናው መንገድ አይመጡም። የሟች ወገን ባለበት ደጃፍ አይታለፍምና በገደሉ ሥር ዞረው፣ ጨዋቸውን በሰው አስገዝተው ይመለሳሉ።

አበጋሮቹ፣ ማለትም ደም የሚያደርቁት የአገር ሽማግሌዎች፣ ልብስ ሰፊውን ሁለት ጊዜ ለምነውታል። ሁለቴም "ገና ነኝ" ብሎ መለሳቸው። በመጪው ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሰበሰቡ ነበር። ሦስተኛውን እንቢ ካለ እነሱም እጃቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን የሚያግደው የለም። የአጎቶቹ ልጆች ደግሞ በየሄደበት "የወንድምህ ደም ውሃ ነው ወይ?" እያሉ ያቃጥሉታል። እኔና እሱን የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናው መሃል ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ ዝም ሲል እሰማለሁ። አንጀቴን ይበላዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያናድደኛል። የሽማግሌ አንገት በመቀስ እንደሚቆረጥ ጨርቅ ነው እንዴ፣ እላለሁ ለራሴ።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት በነበረው የገበያ ቀን በረዶ ጣለ። ወደ አቀስታ የሚሄድ ሚኒባስ የሚጠብቀው፣ እህሉን ሸጦ የጨረሰው፣ ያልጨረሰውም ጭምር ቤቴን ሞላው። ከአበጋሮቹ አንዱ፣ የጋቢያቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ከጥጉ ተቀምጠው ሻይ ያዙ። ልብስ ሰፊውም ገባና ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፍላሼ ላይ የነበረው አዲስ ካውቦይ ነው። እኔም ገና አላየሁትም፣ ግን እኔን ካውቦይ ያስፈራኛል?

አንድ ሽበታም ሰውዬ ግራጫ ፈረስ እየጋለበ ብቅ አለ።

"አክተሩ የቱ ነው?"

"ባለ ፈረሱ" አልኩ ሳላመነታ። በካውቦይ ቀድሞ በፈረስ ብቅ ያለ አክተር ነው። ይህ ሕግ እስከዚያ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ትንሽ እንደሄድን ሰውዬው አንዱን መጠጥ ሻጭ አንገቱን ይዞ አንድ ነገር ተናገረ። አነበብኩና "ወንድሜን የገደሉትን ሦስት ሰዎች እፈልጋለሁ" ብዬ ተረጎምኩ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሳል በሳል ሆነ። ልብስ ሰፊውን ላለማየት ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠ። ፊልሙን መቀየር እችል ነበር። ነገር ግን ተነስቼ ብቀይረው ያ ሁሉ ሕዝብ ምክንያቱን ያውቃልና ዞሮ እሱን ያየው ነበር። በሰው ፊት እንደዚያ ከማዋርደው ብዬ ቀጠልኩ።

ባለ ፈረሱ መንገድ ላይ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ልጆች ተርበው ሲያገኝ አደን አድኖ አበላቸው። ሰዉ አጨበጨበ። ጠዋት ሲሄድ የሴትዮዋን አንድያ በቅሎ ሳይጠይቅ ነድቶ ሄደ።

"ይመልስላታል" አለ አንድ እህል ነጋዴ። "አክተር አይደል? ይመልስላታል።"

አልመለሰላትም። የመጀመሪያውን ጠላቱን ፊት ለፊት ገጥሞ ጣለው፤ ጣሪያዬ እስኪነሳ ተጨበጨበ። ሁለተኛውን ታሞ በተኛበት አገኘውና በትራሱ ላይ ደሙን አፈሰሰው። ያጨበጨበው ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ሦስተኛው ተራራ ሥር ትንሽ እርሻ አለው። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ጥጃ ያጠጣል። ባለ ፈረሱ ከኋላው ቀስ ብሎ ደረሰና ወረደ።

ይሄኔ ነው ጉድ የመጣው። ከጥቂት ጊዜ በፊት "ይህን ሦስተኛውን አሳዩን፣ የት ገባ?" ሲሉ የነበሩት ሰዎች አንድ ላይ ተነሱና ለሰውየው "ዞር በል! ኧረ ዞር በል!" ብለው መጮኽ ጀመሩ። ሰውየው ጀርባውን እንደሰጠ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ተረጎምኩ፣ ማንም አልሰማኝም። ተተኮሰ። ሰውየው ውሃው ላይ ተደፋ፤ ጥጃው ፈርጥጦ ሄደ።

ከዚያ ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ።

"አሳስተሽናል! ይሄ ነው አክተር? አክተሩ የሞተው ነው!"

"ሟቹ አሁን ነው የመጣው፣ ምን አክተር ይሆናል?" አለ ሌላው።

"ትርጉሙ ነው የተበላሸው!"

"ኧረ እዚያ! የእኔ ትርጉም ሰው ገድሎ ያውቃል?" አልኳቸው ተነስቼ። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈልቶ ነበር። የካውቦዩን ኃጢአት እኔ ላይ ሊጭኑት።

አበጋሩ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "ልጄ፣ እስቲ አቁሚልን" አሉኝ።

በሪሞት አቆምኩት። ሽበታሙ ሰውዬ ሽጉጡን እንደያዘ ቀረ።

"በዚያ አገር ሽማግሌ የለም?" አሉ።

"እስካሁን አላየሁም፣ አባቴ።"

"መጀመሪያ የሞተው፣ የዚህ ወንድም የተባለው፣ ምን ሠርቶ ሞተ?"

"አልተናገሩም።"

"ጠያቂም የለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ይህን ሰውዬ ማን ይያዘው?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያዝኑት ለሟቹ ይሁን ለገዳዩ አልገባኝም። በሌላ ቀን ቢሆን ሰዉ ይስቅ ነበር። ይልቅ ክርክሩ ጦፈ። "ወንድሙን ገድለውበታል፣ ምን ያድርግ?" የሚል ተነሳ፤ "በጀርባ? በጥጃ ፊት?" የሚል መለሰለት። ባሏ የሞተባትን ሴት በቅሎ ያነሳም ነበር። ልብስ ሰፊው ባለበት ቤት ይህን ሁሉ ሲሉ፣ ስለ ፊልሙ ብቻ የሚያወሩ መስሏቸው ነበር እላለሁ።

በመሃል ከኋላ ድምፅ መጣ። "ምን አለ?"

ልብስ ሰፊው ነው። ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ።

"ማን?" አልኩት።

"ሰውየው። ከመመታቱ በፊት ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን አለ?"

አሁን ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ነው። ነጋዴው ጠቀሰኝ። ገባኝ፤ "ማረኝ አለ" በይው ማለቱ ነው። ማለት እችል ነበር፣ ዓረብኛ የሚያነብ በዚያ ቤት አልነበረም። አበጋሩ ግን መሬት መሬት ያያሉ፤ ነገሩን ለእኔ ተዉት። እኔ ደግሞ ዓረብ አገር ሳለሁ አሠሪዎቼ የተናገርኩትን እንደፈለጋቸው እየለወጡ ስንት ዘመን አሳዝነውኛል። የሞተ ሰው ቃል በፊልምም ቢሆን አልለውጥም። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አቆምኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"'የፈረስህን ኮቴ ከወንዙ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ዞሬ ዞሬ ማየት ሰልችቶኝ ነው' ነው ያለው።"

"ድገሚው።"

ደገምኩለት።

"ጽሑፉ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?"

"አንተ ለሰው ስትሰፋ ጨርቅ ትጨምራለህ? እኔም ቃል አልጨምርም።"

አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ተነሳ፣ በሰዎቹ ጉልበት መሃል እየተሹለከለከ ወጣ። በረዶው ገና አላባራም ነበር።

ፊልሙን ጨረስነው። ባለ ፈረሱ ቤቱ ተመለሰ፣ ኮርቻውን አወረደ፣ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፣ አለቀ። "አለቀ?" አሉ። "አለቀ።" ማንም ሌላ ፊልም ክፈቺልን አላለም፤ እያጉረመረሙ ወጡ።

እስከ ሐሙስ ልብስ ሰፊው አላናገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። አጥር ዘልሎ የሚገባ ጎረቤት አይደለሁም። ቃሉን በማንበቤ አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም አልጸጸትም። የፈራሁት ምን እንደሰማ አለማወቄን ነው። "እንዲህ ሰልችቶት ከሆነ ላሳርፈው" የሚልም ልብ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ አገር ተሰበሰበ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ደንቡ በየወገኑ ተቀመጠ። እኛ ሴቶች ከጎን ሆንን። ልብስ ሰፊው ነጠላውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ በአጎቶቹ ልጆች መሃል አለ። የገዳዩ አባት ከወዲያ በኩል መጡ። በአንገታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሱም። ከሜዳው መሃል ሲደርሱ ተንበረከኩ። "አፉ በሉን" አሉ፣ ይቅር በሉን ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ከድንጋዩ ሥር ነው የሚወጣው። በደንቡ የሟች ወገን ቶሎ አይመልስም። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ተንበርካኪው ይቆያል፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ይቆያል።

አበጋሩ ዱአውን ገና ሲጀምሩ ልብስ ሰፊው ተነሳ።

የአጎቶቹ ልጆችም ተነሱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ያዙት!" አሉ፤ የሚይዘው ግን አልነበረም። ልብስ ሰፊው ወደ ተንበረከኩት ሽማግሌ ፊት አልሄደም። ዞሮ በጀርባቸው መጣ። እርምጃውን ሰምተውታል፤ ትከሻቸው ሲሸማቀቅ አይቻለሁ። ግን አልዞሩም።

ከኋላቸው ቆመና ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሳና ከጎናቸው ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

"አፉ ብያለሁ፣ አባቴ" አለ። "ከእንግዲህ ወደ ኋላ ዞር ዞር እያዩ አይሂዱ።"

ሽማግሌው ፊልም አያውቁም፣ ቤቴም ገብተው አያውቁም። አንገታቸውን እንደደፉ፣ እኛ ሁሉ እየሰማን ጠየቁት።

"ዞሬ ዞሬ ማየቴን ማን ነገረህ፣ ልጄ?"