እንግዳ ብዬ የመዘገብኩት አባት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም ስናዘዝ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፉን፣ ጎረቤት ማኩረፉን ሁሉ እዘረዝራለሁ፤ የዘሀራና የአባቷ ነገር ግን ምላሴ ላይ ሲደርስ እውጠዋለሁ። እናንተ የማታውቁኝ ስለሆናችሁ ይሁን ስላረጀሁ እንጃ፣ ዛሬ ልናገር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ አሰብ። ከደሴ ወርጄ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ባልቴት አልቤርጎ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። አሥር ክፍልና አንድ ሰፊ ግቢ ነው። ቬንትሌተር ያላቸው ሦስቱ ብቻ ስለነበሩ ሙቀቱ ሲብስ ሌላው እንግዳ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ይተኛል። ክፍል የማከራየውም፣ ለቀበሌ የሚቀርበውን መዝገብ የምሞላውም እኔ ነኝ።

እትዬ ለተብርሃን አንድ ሕግ ነበራቸው። ክፍል ተከራይቶ ሌላ ሰው የሚያስገባ ተጨማሪ ይከፍላል፤ “የእንግዳ” እንለዋለን። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ግን አይከፍልም፤ አባት ልጁን ሊያይ ሲመጣ ማስከፈል ነውር ነው ይሉ ነበር። ይህን የሰሙ የከባድ መኪና ሾፌሮች ታዲያ ሁሉም ባለ እህት ሆኑላችሁ! አንዱማ በአንድ ወር ሦስት እህት አስገባ፤ አንዷ ትግርኛ፣ አንዷ ዓረብኛ፣ አንዷ ጉራግኛ ነው የምትናገረው። “እናታችሁ አገር ለአገር እየዞሩ ነው እንዴ የወለዷችሁ?” ስለው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ መታወቂያ መጠየቅ ጀመርኩ። የአባት ስም ከገጠመ በነፃ ይገባሉ፣ ካልገጠመ ይከፍላሉ። እትዬ ለተብርሃን “አንቺ እኮ የምትሸወጂ አይደለሽም” ሲሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ዘሀራ የመጣችው በሐምሌ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከባቲ ድረስ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ስትወርድ ፊቷ አቧራ ብቻ ነበር። ሳልጠይቃት ሁሉን ነገረችኝ። አባቷ ሰይድ፣ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ ጨው ማምረቻው ገባና በዚያው ቀረ። የሚኖረው ከስምንት ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ልጁን የሚወስድበት ቤት የለውም። በሰው ተላልከው፣ በማግስቱ ከሰዓት እኛ ጋ ሊገናኙ ተቃጥረዋል። የመጣችበት መኪና ደግሞ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት ነው። እንግዲህ ያላቸው ያቺ አንዲት ከሰዓት ብቻ ነበረች።

የቀጠሯቸው ቀን ሦስት ጊዜ ሻሽ ቀያየረች። “እታለም፣ የቱ ያምርብኛል?” አለችኝ። “ሁለተኛው” አልኳት። “አፍንጫሽ የሱ ነው ይሉኛል፤ ዛሬ አየዋለሁ” ብላ ሳቀች። ወደድኳት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ክፉ የሠራሁት በጠላኋት ሰው ላይ አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰይድ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝና ንጹሕ ሽርጥ ለብሷል፣ እግሩ በጨው ውሃ ተሰነጣጥቋል፣ በላስቲክ ተምር ይዟል። “ልጄን ፈልጌ ነበር” አለ።  ዘሀራ ወጣችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ጭንቅላቷን ይዞ አስቀራት። እየተያዩ ቆሙ። ዘወር ብዬ ማሳለፍ አልነበረብኝም? አፌን ቢይዘኝ ምን ነበረ? እኔ ግን “መታወቂያ” አልኩ።

ሁለቱም ሰጡኝ። የሱ ሰይድ ሙሄ ይላል። የሷ ዘሀራ እንድሪስ።

ወዲያው ገብቶኛል። አጎት ወይ አያት ያሳደገው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ባሳዳጊው ስም እንደሚመዘገብ የማያውቅ ማን አለ? አባትየው እንዳልሰማም ገብቶኛል፤ ዘሀራ ከጀርባው ሆና በዓይኗ እየለመነችኝ ነበር። እያየኋት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። “ዘሀራ እንድሪስ። አባትሽ እሳቸው ከሆኑ፣ እንድሪስ ማነው?” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

ሰይድ ዞሮ ልጁን አያት። ኋላ ቀስ ብሎ “እንድሪስ ወንድሜ ነው። እሱ ነው ያሳደጋት። ደግ አደረገ” አለ። ዘሀራ “አባባ፣ ለትምህርት ቤት ብለው እኮ ነው…” ብላ ጀመረች፣ እንባ ቀደማት። እሱ ከኪሱ አውጥቶ የእንግዳውን ሒሳብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። መዝገቡ ላይ “ዝምድና” የሚል ቦታ አለ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ “ምን ብዬ ልሙላው?” አልኩት።

“እንግዳ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ” አለኝ።

እኔን “ልጄ” አለኝ! እኔም ጻፍኩት።

ገቡ። እንግዳ ያለበት ክፍል በሩ አይዘጋም ነበርና አያቸዋለሁ። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሰው ቤት እንደመጣ ሰው፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። እሷ መሬት ቁጭ ብላ የተሰነጣጠቀ እግሩን ቫዝሊን ቀባችው። መጀመሪያ እግሩን ሰበሰበ፣ ኋላ ተወላት። ብዙም አላወሩም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቶ “እረፊ እንግዲህ፣ ነገ መንገደኛ ነሽ” አላትና ወጣ።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ሕግ ላስከብር ነው? አይደለም። እኔም በአባቴ ስም አልጠራም። ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ ስሜም በሱ ነው። አባቴ ወርቁ ይባል ነበር አሉ፤ የት እንዳለ ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ሸሚዝ አስተኩሶ፣ ተምር ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ “ልጄን” ያለልኝ ሰው የለም። ቀናሁባት። ወድጃት ሳለሁ ቀናሁባት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዘሀራ መኪና ልትሳፈር ስትል እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። “እታለም፣ ትናንት አንደበቴ ተያዘብኝ። እሱ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስሙ የወረቀት ነው በይልኝ። ሰፈር የሰይድ ልጅ ነው የሚሉኝ፤ ስምል እንኳ ‘ሰይድ ይሙት’ ነው የምለው፤ ይህን ንገሪልኝ። አደራ” አለችኝ። “እሺ” አልኳት። መኪናው እስኪታጠፍ እጇን ስታውለበልብ አያታለሁ።

ሰይድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ግቢ አልገባም። ከመንገዱ ማዶ፣ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆሞ ወደ በራችን ያያል። ለመግባት እንደገና የሚያስከፍሉት መስሎት ይሆን? ወይስ የኔን ፊት ላለማየት ነው? ተነሥቼ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፈርኩ። አሁን ይገባል ብዬ አንሶላ ማጠፍ ያዝኩ፤ ቀና ስል የለም። በሚቀጥለው ዓርብ እነግረዋለሁ አልኩ፣ አልመጣም። ጨው ማምረቻው በእግር አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ዛሬ ሙቀት ነው፣ ነገ ሥራ አለብኝ እያልኩ ሁለት ዓመት አሰብ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ! ከዚያ ባል አገባሁና አገሩን ለቅቄ ሄድኩ።

ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ። ሕጉ የእትዬ ለተብርሃን ነው አትበሉኝ፤ የሳቸው ሕግ አባት አይከፍልም ነበር የሚለው። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ዘሀራ፣ በሕይወት ካለሽ፣ “መልእክቴን ሰምቷል” ብለሽ ስትጽናኚ ኖረሽ ይሆናል። አልሰማም እህቴ። እኔ አልነገርኩትም።